ከመጨረሻው ፈር በኋላ

ማክሲን ኦለርተን የአልበሙን ሽፋን ገልብጣ ጀርባውን አነበበች። ዓይኗን አላምን ብላ ደግማ አነበበችው።

«ግጥምና ዜማ በሙሉ፦ ዳረን ኦለርተን» ይላል።

በሙሉ! እቺ «በሙሉ» የምትባል ቃል ስንቱን ጉድ ሸፍና ትኖራለች። ከተደረደሩት አሥራ አንድ ዘፈኖች አሥሩ የወንድሟ የዳረን ናቸው፤ እሰየው፣ ይባረክለት፣ ማንም አልነካበትም። አሥራ አንደኛው ግን፣ «የብርሃን ጠረጴዛ» የሚለው የመጨረሻው ዘፈን፣ ከነቃሉ ከነዜማው የማክሲን ነው። ባለፈው የገና ሰሞን ግሪምዝቢ፣ እናቷ ቤት፣ ብርድ ልብስ ተከናንባ የጻፈችው ነው። በሕይወቷ የጻፈችው ዘፈን እሱ ብቻ ነው። ዳረንም አሳምሮ ያውቃል። በሚያዝያ ወር ለሙዚቃ ዝግጅት ሲሄዱ አውራ ጎዳና ዳር ቆመው ቺፕስ እየበሉ፣ «እማዬ ትሙት! ስምሽ ከዘፈኑ ሥር ይገባል» ብሎ የማለላት እሱ ራሱ ነው።

«አያምርም?» አለ ፒርስ።

ፒርስ የነማክሲን ባንድ፣ የዊንድብሬክ፣ ማናጀር ነው። ከማተሚያ ቤት የመጣውን ካርቶን እቅፍ አድርጎ ወደ ሸክላ መቁረጫው ምድር ቤት ደረጃውን ወርዶ፣ የመጀመሪያ ልጁን እንደሚያሳይ አባት ሽፋኑን ለያንዳንዳቸው ያደለው እሱ ነው።

«ዳረን፣ ይሄ ምንድነው?» አለች ማክሲን።

ዳረን የጃኬቱን ዚፕ እስከ አገጩ ዘግቶ ወለል ወለሉን ያያል። «በኋላ እናወራለን።»

«አሁን ነው የምናወራው። ስሜ የታለ?»

«በኋላ አልኩሽ እኮ!»

«ማክስ፣» አለ ፒርስ፣ ድምፁን ቅቤ አስመስሎ፣ «አርባ ሺህ ሽፋን ታትሟል። ያለቀ ነገር ነው። ሕዝቡ ደግሞ አንድ ሰው ነው ማወቅ የሚፈልገው፤ አንድ ፊት፣ አንድ ስም። ሳምንታዊው ጋዜጣ ‘የዚህን ዘመን የብሪታኒያ ሙዚቃ አውቃለሁ የሚል ሰው ከቤቱ ሊያጣቸው የማይገባ አሥር አልበሞች’ እያለ ዝርዝር እያወጣ ነው፤ ስምንቱ ታውቀዋል፣ ሁለት ቦታ ቀርቷል። አንዱ የእኛ ነው። ስለ እናቱ በጻፈው ዘፈን ምክንያት ነው ደግሞ!»

«በጻፈው?» አለች ማክሲን። ደሟ ፈላ።

«እዚህ ክፍል ውስጥ የሚጮኸው ሙዚቃው ብቻ ነው» የሚል ድምፅ ከማሽኑ በኩል መጣ።

ኖርማን ፒም ናቸው። ቡናማ የሥራ ካፖርት፣ በክር አንገታቸው ላይ የተንጠለጠለ መነጽር፣ ሠላሳ ዓመት እዚችው የለንደን ምድር ቤት። ሥራቸው ከስቱዲዮ የመጣውን ቴፕ እያጫወቱ፣ የጥፍር ቀለም በሚሸት ጥቁር ባዶ ሸክላ ላይ በመርፌ የዘፈኑን ፈር መቁረጥ ነው። ያቺ የምትቆረጠው እናት ሸክላ ትባላለች። ፋብሪካው ከሷ ቅርጽ ወስዶ ሺዎቹን ያትማል። ታዲያ እናቲቱ ቅንጡ ናት፤ አቧራ አትወድም፣ ጣት ካረፈባት አለቀላት፣ ብዙ ከቆየችም ትበላሻለች። ስለዚህ በተቆረጠች ዕለት መሄድ አለባት።

ወደ ፋብሪካው የሚያደርሳት ሞተረኛ ዛሬ አሥር ሰዓት ላይ ይመጣል። አልፏቸው ከሄደ ፋብሪካው ወረፋውን ለሌላ ይሰጥና የዊንድብሬክ ሁለተኛ አልበም እስከ ገና ማግስት ይተኛል። ጊታር የያዘ ሁሉ አልበም የሚያወጣበት መከር ነበራ! የሰሜን እንግሊዝ ባንዶች ይበልጣሉ የደቡቦቹ ይበልጣሉ እየተባለ በማታ ዜና ሳይቀር የሚወራበት፣ ቀበጥ ዘመን። ገና ካለፈ በኋላ ማን ያስታውስሻል?

አንደኛው ገጽ ከጠዋት ተቆርጦ ሳጥኑ ውስጥ ገብቷል። ለሁለተኛው ገጽ የቀሩት ባዶ ሸክላዎች ሁለት ናቸው።

«ቁጭ በሉ» አሉ ኖርማን። ማክሲን ቁጭ አለች። ሽፋኑን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ጠርዙን በጥፍሯ ትፈትገዋለች።

ዳረን ከእህቱ ዓይን የሚያመልጥበት ነገር ሲፈልግ ማሽኑን አገኘ። «ድምፁን ከፍ ያድርጉልን» አላቸው።

«ልኩ ላይ ነው።»

«የነዚያ የደቡቦቹ ሸክላ መጠጥ ቤት ውስጥ ሲከፈት ብርጭቆ ያንቀጠቅጣል። ከነሱ ቀጥሎ የእኛ ሲመጣ ሊያንሾካሹክ ነው?»

«ስማ ልጄ፣ ገጹ ሃያ አራት ደቂቃ ነው። ድምፅ ስጨምር ፈሩ ይሰፋል። ፈሩ ሲሰፋ ቦታ ያልቃል። መጮህ የፈለገ ገዢ ቤቱ ሄዶ ቁልፉን ያዙር።»

«ይጨምሩለት እንጂ፣ አልበሙ የሱ ነው» አለ ፒርስ።

ኖርማን ትከሻቸውን ሰበቁና ጨመሩ። መርፌው ወረደ። ሙዚቃው ክፍሉን ሞላው፣ እውነትም ያስፈነድቃል፤ ዳረን በጣቱ ጉልበቱን እየመታ ፒርስን ይጠቅሰዋል። ሃያ ደቂቃ እንዲህ ሆነ። «የብርሃን ጠረጴዛ» ጀመረ። ሁለተኛው ስንኝ ላይ ሲደርስ ኖርማን በማጉያ መነጽር ጎንበስ ብለው አዩና ማሽኑን ቀጥ አደረጉት።

«ፈር ፈር ላይ ወጣ» አሉ። «ይህቺ ሞታለች።»

አንስተው ቆርቆሮው ውስጥ ወረወሯት። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት እንግዲህ ይሄ ነው። ከደቡቦቹ በላይ ልጩህ ሲል የገዛ አልበሙን መጨረሻ ቆረጠው። ኖርማን ስልኩን አንስተው ሁለት የሙያ ጓደኞቻቸውን ባዶ ሸክላ እንዲያበድሯቸው ጠየቁ። አንዱም ጋ የለም፤ የሁሉም አልቋል። ግድግዳው ላይ ያለው ሰዓት ከስምንት ተኩል አልፏል።

«አንዲት ብቻ ቀርታለች» አሉ። «ሁለተኛ እንዲህ አይነት ጨዋታ የለም።»

ቴፑን ወደ መጨረሻው ዘፈን አጠነጠኑና ጆሯቸውን ዘንበል አድርገው ሰሙ። «ቦታ የሚበላው ይሄ ነው። በየስንኙ መጨረሻ ቤዝ ጊታሩ ሁለት ጊዜ ዱም ዱም ይላል፣ አይደል? እሱን ባለዝበው ሌላውን ከፍ ላደርግላችሁ እችላለሁ። ምን ሊሆን ነው የገባው?»

«ጌጥ ነው» አለ ዳረን። «ያውጡት።»

«አይነካም!»

ማክሲን ሳታውቀው ብድግ ብላለች። ሽፋኑ ወለሉ ላይ ወድቋል።

ጌጥ ነው ይላል እንዴ! አሥራ ሰባት ዓመቷ ላይ አንድ በጋ ሙሉ ግሪምዝቢ ዓሣ ፋብሪካ ውስጥ እናቷ አጠገብ ቆማ ሠርታለች። ጠረጴዛው ከሥሩ መብራት አለው። የተገፈፈው የዓሣ ሥጋ መስተዋቱ ላይ ሲዘረጋ ብርሃኑ በውስጡ ያልፋል፤ አጥንት ካለ እንደ ጥቁር ክር ይታያል። የማሽኑ ጩኸት ሰው ከሰው አያሰማም፣ ሴቶቹ የሚያወሩት ከንፈር እያነበቡ ነው። አንዷ አጥንት ስታገኝ ቢላዋዋን ታዞርና በእጀታው የጠረጴዛውን የብረት ጠርዝ ሁለት ጊዜ ትመታለች። ምቱ በብረቱ ተላልፎ ጎረቤቷ ክንድ ላይ ይደርሳል፤ «አገኘሁ፣ እንዳታሳልፊው» ማለት ነው። ዱም ዱሙ እሱ ነው። እናታቸው ብሬንዳ ሃያ ሁለት ዓመት እንዲያ ቆማለች። ዳረን ግን የፋብሪካውን በር ረግጦ አያውቅም፤ ሽታው ጊታሬ ላይ ይቀራል ይል ነበር።

ኖርማን እህትየዋን አዩ፣ ወንድምየውን አዩ፣ ወለሉ ላይ የወደቀውን ሽፋን አዩ። ሠላሳ ዓመት የሰው ድምፅ ሲሰሙ የኖሩ ጆሮ ናቸው።

«ዘፈን የጻፈ ሰው የቱ እንደማይነካ ያውቃል» አሉ። «ምቱ ይቀመጣል። ድምፁ ዝቅ ይላል።»

«ኧረ እንዴት ተደርጎ…» ብሎ ጀመረ ዳረን።

«ዝቅ ይላል አልኩ!»

የመጨረሻዋ ሸክላ ማሽኑ ላይ ወጣች። መርፌው ወረደ። ማክሲን ወንድሟን በክንዱ ይዛ ሻይ ወደሚፈላባት ጠባብ ኮሪደር አወጣችው። በሩን ገርበብ አደረገችው፤ ፒርስ እንዳይሰማ በሹክሹክታ ነው ጠባቸው።

«በእማዬ ምለህልኛል።»

«አውቃለሁ።»

«እማዬ ትሙት ነው ያልከው!»

«አውቃለሁ ማክሲን፣ በቃ አውቃለሁ!» ዳረን ጸጉሩን በሁለት እጁ ያዘ። «ጋዜጠኛው ቀድሞ የተላከለትን ካሴት ሰምቶ መጣ። ሌሎቹን አሥሩን ዘሏቸው ስለዚያ ብቻ ይጠይቀኛል። ‘እንዴት ጻፍከው?’ አለኝ። አፌ አመለጠኝ። እማዬ ዓሣ ስትዘረግፍ ውላ መጥታ ኩሽና ተቀምጣ እጇን ሳይ ነው ምናምን ብዬ ቀባጠርኩ።»

«እማዬ ዓሣ ዘርግፋ አታውቅም። አጥንት ነው የምትለቅመው።»

«ተናገርኩ አይደል? ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ምን ላድርግ?»

«ለፒርስ ንገረው። ጋዜጣው ላይ ይስተካከላል። ለእማዬ ደግሞ ደውልላት።»

ዳረን ቀና ብሎ አያት። ዓይኑ እንባ አቅርሯል። ማክሲን ይሄን አልጠበቀችም።

«ጋዜጣውን ያየች ዕለት ደወለችልኝ» አለ። «አለቀሰች። እሷ! አባዬ ጥሎን ሲሄድ ያላለቀሰች ሴትዮ። ‘እንዲህ እያየኸኝ መኖርህን አላውቅም ነበር’ አለችኝ። ጽሑፉን ቆርጣ ባለመስታወት ክፈፍ ውስጥ አስገብታ ኩሽናው ግድግዳ ላይ ሰቅላዋለች። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ኮራሁብህ ብላኝ አታውቅም፤ አሁን አለችኝ። እና ደውዬ ‘ውሸት ነው እማዬ፣ ያቺ ማክሲን ናት፣ እኔማ አላየሁሽም’ ልበላት?»

«አዎ።»

«አልችልም።»

«እንግዲያው እኔ እነግራታለሁ።»

«እባክሽ! እግርሽ ላይ ልውደቅ? የፈለግሽውን ጠይቂኝ፣ ገንዘቡን በሙሉ ውሰጂ፤ ለእማዬ ብቻ እንዳትነግሪያት።»

ማክሲን ያመማት ይሄ ነው። ገንዘብ ያቀርብላታል እንዴ? እናቷ አጠገብ ቆማ፣ በጎማ ቦቲ እግሯ ረጥቦ፣ የእናቷን ከንፈር ስታነብ የዋለችበትን በጋ ነው እኮ የወሰደባት። አሁን እናቷ «ያየኝ ልጅ» ብላ የምትጠራው እሱን ነው። እሷ ብትናገር ቅናት ይመስላል፤ ዝም ብትል ደግሞ ዕድሜ ልኳን ያን መስታወት ግድግዳ ላይ እያየች ሻይ መጠጣት አለባት።

ጥላው ገባች።

መርፌው ከሸክላው ተነስቷል። ኖርማን ማጉያውን በፈሩ ላይ እያንሸራተቱ ከዳር እስከ መሀል መረመሩና ቀና አሉ። «ንጹሕ ናት» አሉ። ፒርስ እጁን አጨብጭቦ ሞተረኛውን ሊጠብቅ ደረጃውን ወደ ላይ ሮጠ። ለአሥር ሩብ ጉዳይ ነው።

ማክሲን ወደ ማሽኑ ተጠጋች። ሸክላዋ እንደረጋ ውሃ ታብረቀርቃለች። ቀኝ እጇን ዘረጋችና ጠቋሚ ጣቷን ከፈሩ በላይ፣ የወረቀት ውፍረት ያህል ብቻ አስቀርታ፣ አቆመችው።

«ማክሲን!» አለ ዳረን ከበሩ ላይ።

«እንዳትጠጋኝ።»

«ምን ልታደርጊ ነው?»

«አንድ ጣት ነው። አንድ ጊዜ ዳበስ። ሌላ ባዶ ሸክላ የለም፣ ሞተረኛው ይሄዳል፣ አልበምህ ገና ካለፈ በኋላ ይወጣል፣ ማንም አይሰማህም። ወይ አሁኑኑ ስልኩን አንስተህ ለእማዬ ትነግራታለህ፣ ወይ እነካታለሁ።»

ስልኩ ከሱ ሁለት እርምጃ ላይ ነው። ዳረን አየው። እጁን ዘርግቶ መልሶ ሰበሰበው። «አልችልም» አለ፣ እንደ ሕፃን።

ማክሲን ዓይኗን ወደ ሸክላዋ መለሰች።

«ልጄ፣» አሉ ኖርማን፣ ከተቀመጡበት ሳይነሱ፣ «ከመንካትሽ በፊት አንድ ነገር ላሳይሽ። በዚህ በማጉያው እዪ። እዚች ጋ።»

ልትሰማቸው አልፈለገችም፤ ግን ጎንበስ አለች። በመስታወቱ ውስጥ ፈሮቹ ተርታቸውን ይዘው ቀጥ ብለው ይሄዳሉ፣ ይሄዳሉና አንድ ቦታ ላይ ሁለት ጊዜ ወዝወዝ ይላሉ። ጎን ለጎን ሁለት ሰፋፊ ጉብታዎች።

«ዱም፣ ዱም» አሉ ኖርማን። «ያንቺ ናቸው። በየስንኙ መጨረሻ አሉ። ዘጠኝ ቦታ ቆጥሬያለሁ።»

ማክሲን ለረጅም ጊዜ አየች። እናቷ ናት እዚያ ውስጥ ያለችው፤ ቢላዋዋ፣ ክንዷ፣ የብረቱ ጠርዝ። በገዛ ጣቷ ልታጠፋት ነው? እጇን ወደ ደረቷ ሰበሰበችና ወንበሩ ላይ ዘፍ አለች። አለቀሰች። ተሸንፋ ነው ያለቀሰችው፤ አልደበቀችውምም።

ዳረን ትንፋሹን ሲለቅ ተሰማ። ሊጠጋት ፈልጎ ፈራ።

ኖርማን ከመሳቢያቸው የብረት መጫሪያ አወጡ። የሙያው ልማድ ነው፤ ከመጨረሻው ፈር በኋላ፣ ከመሀለኛው ክብ ወረቀት በፊት፣ ሙዚቃ የሌለበት አንድ ባዶ ቀለበት ይቀራል። ቆራጩ እዚያ ላይ የሸክላውን ቁጥር ይጭርና ቦታ ከተረፈው ባንዱ የሚለውን ቀልድ ይጽፍለታል። ገዢው ሸክላውን ወደ ብርሃን ካላዘነበለ አያየውም። ለመጀመሪያው አልበም ዳረን ያስጻፈው በአንድ እግር ኳስ ቡድን ላይ ስድብ ነበር።

ኖርማን ቁጥሩን ጨረሱ። «ቀጥሎ ምን ይጻፍ?» ብለው መጠየቅ ነበረባቸው። አልጠየቁም። መጫሪያውን በእጀታው በኩል ወደ ዳረን ዘረጉለት።

«እኔ ነኝ የምጽፈው?» አለ ዳረን።

«አንተ።»

«ለሰው አይሰጡም ሲባል ነው የምሰማው።»

«ሰጥቼ አላውቅም። ክንድህን የማሽኑ ዳር እንጨት ላይ አሳርፍ፤ ሸክላዋን እንዳይነካ። እጅህ ሸርተት ካለ ፈሩ ውስጥ ይገባል፣ ፈሩ ውስጥ ከገባ የመጨረሻው ዘፈን ይሞታል። ሌላ ሸክላ እንደሌለኝ ታውቃለህ። የምትጽፈውን አስበህ ጻፍ፤ መፋቂያ የለውም።»

«ሞተረኛው መጣ!» ብሎ ጮኸ ፒርስ ከላይ። «ጨረሳችሁ?»

ዳረን ጎንበስ አለ። የጃኬቱን እጅጌ ሰበሰበ። በግራ እጁ የቀኙን አንጓ ያዘ። ማክሲን ከተቀመጠችበት የሚታያት ጀርባው ብቻ ነው። ክር፣ ክር የሚል ቀጭን ድምፅ ይሰማታል። ይቆማል፣ ዳረን ይተነፍሳል፣ እንደገና ክር ይላል። ከላይ የሞተሩ ጥሩምባ ሁለት ጊዜ ጮኸ። ዳረን አልቸኮለም፤ ላቡ አፍንጫው ጫፍ ላይ ሲንጠለጠል ኖርማን በመሀረባቸው ቶሎ ጠረጉለት፣ ሸክላዋ ላይ እንዳይወድቅ።

ሲጨርስ መጫሪያውን አስቀመጠና እጁን እንደተቃጠለ ሰው አራገፈ። ኖርማን መነጽራቸውን አድርገው አነበቡ። ፊታቸው ላይ ምንም አልታየም። ሸክላዋን ሳጥን ውስጥ አስገብተው አሸጉና ይዘው ወጡ።

«ምን ጻፍክ?» አለች ማክሲን።

«የተለመደውን» አለ ዳረን፤ ዓይኗን አላየም።

የተለመደውን! ሌባ ላመሉ ዳቦ ይልሳል ማለት እሱ ነው። ማክሲን ጊታሯን አንጠልጥላ ሳትሰናበተው ወጣች።

ሦስት ሳምንት አልተነጋገሩም። ልምምድ ላይ እንኳን የሚያወሩት በከበሮ መቺው በኩል ነበር፤ «ዝቅ በይ በላት»፣ «መጀመሪያ ልኩን ይዘፍን በለው» እየተባባሉ፣ ምስኪኑን ከበሮ መቺ ፖስተኛ አደረጉት። ናሙናው ከፋብሪካው ሲመጣ ፒርስ አዳመጠው፣ ደህና ነው አለ። ሁሉም አዳመጠው እንጂ ማንም አላየውም።

አልበሙ በጥቅምት ወር አንድ ሰኞ ዕለት ወጣ። ማክሲን ያን ቀን ለንደን አልቆየችም፤ አንድ ሸክላ ገዝታ በባቡር ግሪምዝቢ ሄደች። መንገዱን ሙሉ የምትለውን ስታጠና ነበር። «እማዬ፣ አትቆጪኝ፣ ቅናት እንዳይመስልሽ…» ትልና ታቋርጠዋለች። ዛሬ ካልተናገረች መቼም እንደማትናገር ገብቷታል።

እናቷ ከፋብሪካ ገብታ ሻይ አፍልታ ዳቦ ቅቤ እየቀባች አገኘቻት። መስታወቱ እውነትም ግድግዳው ላይ ነው፤ ዳረን በጋዜጣው ውስጥ ሆኖ ጸጉሩን ግንባሩ ላይ ደፍቶ ያያታል።

«አመጣሽው?» አለች ብሬንዳ። ቢላዋዋን አስቀመጠች፣ እጇን በመጥረጊያ ጨርቅ አደረቀች፣ ሸክላውን ከሽፋኑ በዳር በዳሩ ይዛ አወጣችው።

«እማዬ፣ ከመክፈትሽ በፊት የምነግርሽ…»

ብሬንዳ አልሰማቻትም። ማጫወቻው ጋ አልሄደችም። ወደ መስኮቱ ዞረችና ሸክላውን ወደ ብርሃኑ አዘነበለችው፤ ሃያ ሁለት ዓመት የያዘችውን ሁሉ እንደምታየው። ከዳር ወደ መሀል በዓይኗ ሄደች። መሀል ላይ ስትደርስ ቆመች።

«እዚህ ጋ ጽሑፍ አለ» አለች። «መነጽሬን አቀብይኝ።»

ማክሲን የመጀመሪያውን አልበም አስታወሰች። ስድብ ነው፣ የዳረን ቀልድ ነው፣ አሁን ደግሞ እናቷ ልታነበው ነው። መነጽሩን አቀበለቻት።

ብሬንዳ ቀስ እያለች፣ ሸክላውን እያዞረች አነበበች። ፊደሎቹ የተንጋደዱ ናቸው፤ አንዱ ትልቅ አንዱ ትንሽ።

«‘እማዬ። ይህን የጻፈችው ማክሲን ናት። ያየችሽ እሷ ናት። ዋሸሁሽ። ዳ.’»

ማክሲን በእናቷ ትከሻ በኩል ጎንበስ ብላ አየችው። አርባ ሺህ ሸክላ ላይ ነው! በየሱቁ፣ በየሰው ቤት፣ ወደ ብርሃን ያዘነበለ ሁሉ ያነበዋል። ያ ስልክ ማንሳት ያቃተው ፈሪ።

«እማዬ… አዝናለሁ» አለች በመጨረሻ። «ልነግርሽ ፈልጌ…»

«ምኑን ነው የምትነግሪኝ?» አለች ብሬንዳ። «ዳረን የላከልኝን ካሴት የሰማሁ ዕለት አውቄዋለሁ። ዱም ዱም የሚለውን ስሰማ ክንዴን ነው የነዘረኝ። ዳረን ያን ከየት ያመጣዋል? እዚያ ቆሞ ያውቃል? ዓሣ ስትዘረግፍ ብሎ ጋዜጣ ላይ ያወጣኝ ጅል!»

«ታዲያ ለምን ደወልሽለት? አለቀሰች አለኝ እኮ! ኮራሁብህ ብለሽዋል!»

«ማልቀሱስ እውነቴን ነው ያለቀስኩት፤ ዘፈኑ ያስለቅሳል። ለሱ የደወልኩት ግን እውነቱን እንዲነግረኝ ነው። ኮራሁብህ አልኩትና ዝም አልኩ። ዝም ብዬ ጠበቅኩት። ‘አመሰግናለሁ እማዬ’ አለኝ። አመሰግናለሁ ይለኛል!» ብሬንዳ ሳቅም ልቅሶም የተቀላቀለበት ትንፋሽ አወጣች። «ከዚያ ሄጄ መስታወቱን ገዛሁና ሰቀልኩት። በመጣ ቁጥር እንዲያየው። እዚህ ወንበር ላይ ሁለት ጊዜ መጥቶ ተቀምጧል፤ ጀርባውን ለግድግዳው ሰጥቶ ነው ሻይ የጠጣው።»

«ለእኔስ? እኔስ እማዬ? እኔ የተሰማኝን ታውቂያለሽ?»

ብሬንዳ ልጇን አየቻት። ሸክላውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ የማክሲንን ፊት በሁለት እጇ ያዘች፤ እጇ ዛሬም ቀዝቃዛ ነው፣ የበረዶ ሥራ።

«አውቃለሁ። በድዬሻለሁ። አንቺ ብትነግሪኝ ግን እሱ እስኪሞት ውሸታም ሆኖ ይቀር ነበር። ሃያ ሁለት ዓመት አጥንት ስለቅም ኖሬ የገዛ ልጄ ውሸት ያልፈኛል? አላለፈኝም። እኔ እንዳወጣለት አልፈለግኩም እንጂ፤ ራሱ እንዲተፋው ነው።»

ማክሲን እናቷ ትከሻ ላይ ተደፍታ አለቀሰች፤ ይሄኛው ለንደን ካለቀሰችው ሌላ ነው። ብሬንዳ ጀርባዋን እየዳበሰች ካስጨረሰቻት በኋላ ግድግዳው ጋ ሄዳ መስታወቱን አወረደች። አልጣለችውም፤ መሳቢያ ውስጥ፣ ከማንኪያዎቹ ሥር አስገባችው። ልጇ ነው እኮ።

ከዚያ ተመልሳ ሸክላውን እንደገና አነሳችና ወደ መስኮቱ አዘነበለችው። የተንጋደዱትን ፊደሎች ለብቻዋ፣ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች፣ ደግማ አነበበች። ቅቤ የነካውን ቢላዋ አዙራ ያዘችና በእጀታው የጠረጴዛውን ጠርዝ ሁለት ጊዜ መታች።